ከምርቃና በኋላ የሚመጣው ዱካክ፦ ጭንቅላታችን ውስጥ ምን እየተካሄደ ነው?

ቴሲስ_ያልጨረሰው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

ሰላም ቤተሰብ። መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ምክር አልፈልግም። «ተው» የምትለኝ እናት አለችኝ፤ በቀን ሦስቴ ትላለች፤ ይበቃኛል። የምፈልገው ማብራሪያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር ጫት የምቅመው። አሁን በሳምንት አምስት ቀን ደርሻለሁ። ምሳ በልቼ 8 ሰዓት ላይ እቀመጣለሁ። እስከ 9 ሰዓት ምንም የለም፤ እንዲያውም ያዛጋኛል። 10 ሰዓት ገደማ ግን የሆነ መብራት ቦግ ይላል። ጽሑፌ ያምረኛል። አማካሪዬ ራሳቸው ይናፍቁኛል። ምዕራፍ 3ን ዛሬ ማታ የምገላግለው ይመስለኛል። ከዚያ አንድ ገጽ ተኩል ጽፌ፣ አንዷን አንቀጽ 14 ጊዜ አስተካክዬ፣ ምሽት 2 ሰዓት ይሆናል።

ከ2 ሰዓት በኋላ ዝም ነው። ግድግዳ አያለሁ። ስልክ ቢጠራ አላነሳም። ለእንቅልፍ ብዬ ሁለት ቢራ እጨብስበታለሁ። 7 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ዱካክ። ደረቴ ላይ ሰው ተቀምጧል። መጋረጃው ይታየኛል፣ ወንበሩ ላይ የሰቀልኩት ጃኬት ይታየኛል፣ ጣቴን ማንቀሳቀስ ግን አልችልም።

እና ጥያቄዬ፦ ያ መብራት ምንድን ነው? ለምን ይዘገያል? ሲጠፋስ ለምን ከነበርኩበት በታች ያወርደኛል? ደረቴ ላይ የሚወጣውስ ማን ነው?

---

ጉልቻ_ሦስት
ሰኞ፣ 4:22

ዱካክ ያልያዘው ቃሚ ገና አልመረቀነም ማለት ነው ሃሃሃ። አያቴ ትራሷ ስር ቢላ ታደርግ ነበር። ሞክራት። ቢያንስ ከቢራው ትረክሳለች።

---

ከመስኮቱ_ኋላ
ሰኞ፣ 5:05

ፋርማሲስት ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ከመስኮቱ ኋላ ቆሜአለሁ። ምክር የለም ስላልክ ምክር የለም።

ለምን እንደሚዘገይ ልጀምር። ጫት ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ካቲኖን የሚባል ነገር ነው። 100 ግራም ትኩስ ቅጠል ውስጥ በአማካይ 36 ሚሊግራም ያህል ይገኛል። እሱን ለማውጣት ማኘክ፣ ጉንጭ ላይ መቋጠር፣ በምራቅ ማሟሟት ግድ ነው። አብዛኛው ሆድ ሳይደርስ እዚያው ከጉንጭህ ውስጠኛ ሥጋ ወደ ደም ያልፋል። የተቋጠረው ጉንጭ ለጌጥ አይደለም ለማለት ነው። ቅጠል በቅጠል ስለምትጨምር ደም ውስጥ ጣራ የሚነካው ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። የ10 ሰዓቷ መብራትህ እሷ ናት።

አሁን ወደ መብራቱ። አንጎል ውስጥ የነርቭ ሴሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ እንጂ አይነካኩም። መሃላቸው በጣም ጠባብ ክፍተት አለ። መልእክት የሚያሻግሩት ዶፓሚንና ኖራድሬናሊንን የመሰሉ ኬሚካሎች ናቸው። ሴሉ እነዚህን ጎተራ ውስጥ ያስቀምጣል። ሲያስፈልገው ቆንጠር አድርጎ ይለቃል፤ መልእክቱ ሲደርስ የተረፈውን በበሩ መልሶ ይሰበስባል። ቆጣቢ ባልቴት በለው። ካቲኖን በዚያው መሰብሰቢያ በር ይገባና በሩን ይገለብጠዋል። ማስገቢያው ማውጫ ይሆናል። እህሉ ወደ ደጅ ይፈሳል።

ልብ በል፤ ጫቱ አንድ ቁና እህል አላመጣልህም። የፈሰሰው የገዛ ጎተራህ ነው።

ዶፓሚን ደግሞ ጽሑፍ አያሻሽልም። የሚያደርገው «ይሄ ነገር ዋጋ አለው፣ ቀጥል» ማለት ነው። አንዷን አንቀጽ 14 ጊዜ የነካካሃት ለዚያ ነው። ስትነካካት ደስ ትልሃለች፤ መጨረስ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ስለ መውረዱ፦ ካቲኖን ቶሎ ነው የሚጠፋው። በ1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ግማሹ ከደምህ ይወጣል። ጎተራው ግን በዚያ ፍጥነት አይሞላም። በዚያ ላይ መልእክት ተቀባዩ ሴል ጎርፍ ሲበዛበት መቀበያዎቹን ይቀንሳል፤ ጆሮውን ይደፍናል እንደማለት። ስለዚህ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሁለት ነገር አንድ ላይ ያገኝሃል፤ የተራቆተ ጎተራና የደነቆረ ጎረቤት። ግድግዳ የምታየው ለዚህ ነው።

---

ያወዳይ_ልጅ
ሰኞ፣ 5:31

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ቤት ጫት ነው ያሳደገን። እኔ ራሴ ግን አልቅምም፤ አባቴ ነጋዴ አይቅምም ይል ነበር። አወዳይ ገበያው ሌሊት ነው። ከማሳ እንደተቀነጠሰ ይታሰራል፣ በሙዝ ቅጠል ወይ በኮባ ይጠቀለላል፣ ውሃ ይረጭበታል፣ አይሱዙው ሞተሩን ሳያጠፋ ይጫናል። ሹፌሮቹ ለምን እንደዚያ እንደሚበሩ ሰው ይገርመዋል። ለእኛ አይገርመንም። ዛሬ ያልደረሰ ጫት ነገ ዋጋው ይወድቃል፤ ተነገ ወዲያ ፍየል ነው የሚበላው። «ሞተ» ነው የምንለው። ቅጠሉ አለ፣ ልቡ የለም። ይሄ ልቡ የምንለው ያው ካቲኖን ነው?

---

ከመስኮቱ_ኋላ
ሰኞ፣ 5:44

እሱ ራሱ ነው! ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ካቲን ወደሚባል ደካማ ወንድሙ ይቀየራል። ካቲንም ያነቃል፤ ግን አንጎል ላይ ያለው ጉልበት በጣም ያነሰ ነው።

ደስ የሚለው ታሪክ እዚህ ጋ አለ። ካቲን ከጫት ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ከዚያ ብዙ ዓመት «የጫት ጉዳይ ተፈታ» ተባለ። ችግሩ ካቲን ብቻውን ሰዎቹ ላይ የሚታየውን ምርቃና አያብራራም ነበር። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ትኩስ ቅጠል መረመረና ካቲኖንን አገኘ። 45 ዓመት ሙሉ ሳይንስ የሞተ ጫት ሲመረምር ነበር ማለት ነው።

---

ያወዳይ_ልጅ
ሰኞ፣ 5:50

አባቴን ቢጠይቁት በአንድ ሲኒ ሻይ ይነግራቸው ነበር።

---

አቦል_በረካ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

እኔ የማይገባኝ ለምን ጫት ብቻ እንደሚወገዝ ነው። እናቴ ጠዋት ቡና ካልጠጣች ሻሽ ጠምጥማ ትተኛለች፣ ራሷን ይፈልጣታል። ያም ሱስ ነው። ጎተራው እንደሆነ በቡናም አይፈስም?

---

ተረኛ_ሐኪም
ማክሰኞ፣ 2:40

ከአዳር ወጥቼ ነው የምጽፈው፤ ስህተት ካለ ይቅር በሉኝ።

ቡና በሌላ በር ነው የሚገባው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። የራሱ መቀበያ አለው፤ ወንበር በለው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ «ደክሞሃል፣ ተኛ» ይላል። ካፌይን ቅርጹ ይመሳሰላልና ወንበሩን ቀድሞ ይይዛል። ተቀምጦ ግን ዝም ይላል። አዴኖሲን ቆሞ ይጠብቃል። ድካሙ አልሄደም፤ አልተሰማም እንጂ። ካፌይን ደግሞ ቶሎ አይነሳም፤ ከ5 ሰዓት በኋላ ገና ግማሹ አለ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሦስተኛ የጠጣ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ዓይኑ የሚፈጠው ለዚህ ነው።

የእናትህ ራስ ምታት እውነት ነው፤ አታሹፍባት። በየቀኑ ወንበሩ ሲያዝ አንጎል ወንበር ይጨምራል። አንድ ቀን ቡናው ሲቀር በጨመረው ወንበር ሁሉ አዴኖሲን ይቀመጣል። አዴኖሲን የደም ሥር ያሰፋል፤ ሻሹ ይጠመጠማል።

ልዩነቱ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ቡና ድካምን ያፍናል። ጫት ደስታን ራሱን ይገፋል። አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም።

---

ጨብሲ_አፍቃሪ
ማክሰኞ፣ 6:02

ሳይንሱን ተዉትና ልንገራችሁ። 11 ዓመት ቅሜአለሁ። መድኃኒቱ ጨብሲ ነው። ሁለት ቢራ ትጠጣለህ፣ ጥርስህ መፋጨቱን ያቆማል፣ ልብህ ይረጋል፣ ትተኛለህ። ዱካክ የሚይዘው አሳንሶ የጠጣ ነው። አራት አድርጋት።

---

ተረኛ_ሐኪም
ማክሰኞ፣ 9:18

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። አልኮል አንጎል ውስጥ ጋባ የሚባለውን ፍሬን ያጠነክራል፤ ግሉታሜት የሚባለውን ነዳጅ ይቀንሳል። ስለዚህ በጫት የጋለው ሞተር በረድ ይላል። «አራት አድርጋት» ያልከው ላይ ነው የማልስማማው።

እንቅልፍ አንድ ወጥ አይደለም። በየሰዓት ተኩሉ ገደማ ሬም የሚባል ክፍል ይመጣል። ዓይን ከቆቡ ስር ወዲያ ወዲህ ይሯሯጣል። ደማቁ ሕልም በአብዛኛው እዚህ ነው ያለው። አንጎል ታዲያ ሕልሙን ተነስተን እንዳንኖረው ብሎ የእጅና የእግራችንን ጡንቻ ይቆልፋል። ጎሽ ሲያባርርህ አልጋህ ላይ የማትሮጠው ለዚህ ነው።

አነቃቂ ነገሮች ይህን ክፍል ያፍኑታል። ካቲኖን ደግሞ አምፌታሚን ለሚባለው ጠንካራ አነቃቂ የአጎት ልጅ ነው። አልኮልም በመጀመሪያው የሌሊት ክፍል ያፍነዋል። ቴሲስ በ7 ሰዓት ተኛ አለ። ሁለቱ ቢራ ተቃጥሎ ለማለቅ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስንት ሰዓት ሆነ? 10። ፍሬኑ ተለቀቀ፣ ነዳጁ ተመለሰ፣ ታፍኖ የቆየው ሬም ተደራርቦ መጣ። በዚህ መሃል ከእንቅልፉ ብንን ሲል አእምሮው ነቅቷል፤ ቁልፉ ግን ገና አልተከፈተም።

ደረት ላይ ስለሚቀመጠው ሰውዬ፦ በሬም ሰዓት የጎድን አጥንት መሃል ያሉት ጡንቻዎችም ይላላሉ። የምንተነፍሰው በዋናነት ከደረታችን በታች ባለው ድያፍራም ነው። ነቅተህ በረጅሙ ልተንፍስ ስትል ደረትህ አይታዘዝህም። አንጎል ይህንን ሲተረጉመው «ሰው ተጭኖኛል» ይላል። ፍርሃትን የምታነደው አሚግዳላም በዚያ ሰዓት ነቅታለች። ጃኬቱ ሰው የሚመስለው ለዚህ ነው።

አራት ብታደርጋት ዱካኩ ከ10 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት ይገፋልሃል። በቃ።

---

ጉልቻ_ሦስት
ማክሰኞ፣ 9:25

ጃኬቱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባውማ።

---

የከዚራው_ሽማግሌ
ማክሰኞ፣ 11:40

ልጆቼ፣ ሰላም ናችሁ? ድሬዳዋ ነኝ። 68 ዓመቴ ነው። ጫት ለኔ እንደ እናንተ መንቂያ አይደለም፤ ጓደኛ ነው፣ ወግ ነው። ጠዋት ትንሽ ኢጀባና፣ ከሰዓት በርጫ። ጥያቄዬ ስለ ጭንቅላት አይደለም። ከቃምኩ በኋላ ሽንት ቤት ቆሜ እቀራለሁ። ሽንቱ አለ፤ አይወርድም። ሐኪም ፕሮስቴት ነው ብሎ ማታ ማታ የምውጣት ታምሱሎሲን የምትባል እንክብል አዞልኛል። አንዳንድ ቀን ትሠራለች፣ አንዳንድ ቀን አትሠራም። ልጄ ናት ይህንን የምትጽፍልኝ፤ አፍራለች።

---

ከመስኮቱ_ኋላ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:07

አባባ፣ እንኳን ጠየቁ። ልጅዎም አትፈር፤ በቀን አምስት ሰው ይጠይቀኛል፤ ሁሉም «ለጓደኛዬ ነው» ይላል።

ኖራድሬናሊን የሚፈሰው አንጎል ውስጥ ብቻ አይደለም። ሰውነት ሁሉ «አደጋ መጣ» የሚል ደወል ይሰማል። የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አፍ ይደርቃል፣ አንጀት ሥራ ያቆማል። የጫት ድርቀት ግማሹ ከዚህ ነው፤ ግማሹ ቅጠሉ ውስጥ ካለው ታኒን ነው፤ አፍ የሚያጣብቀው። የፊኛ አፍ ላይ ያለችው ጡንቻም ይህንኑ ደወል ሰምታ ትጨመደዳለች። የመን ውስጥ ጤነኛ ወንዶች ላይ ተሞክሮ ከቃሙ በኋላ የሽንታቸው ፍጥነት ቀንሶ ተገኝቷል።

የእርስዎ ታምሱሎሲን የምትሠራው እዚያችው ጡንቻ ላይ ነው። ልታላላት ትሞክራለች። ጫቱ ደግሞ ያጠብቃታል። አንዳንድ ቀን መድኃኒቷ ታሸንፋለች፣ አንዳንድ ቀን በርጫው ያሸንፋል። ሐኪሙ ይህንን ያውቃል? ካልነገሩት አያውቅም። መቃምዎን ይንገሩት፤ መጠኑንም ሳይቀንሱ ይንገሩት። ሽንቱ ጨርሶ እምቢ ካለ ግን ማደር የለም፤ ያኑ ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ነው።

በዚያው አንድ ነገር ለሁላችሁም። ጫት እየቃማችሁ አንቲባዮቲክ የምትውጡ አላችሁ። የመን ውስጥ በ1997 የታተመ ጥናት አለ፤ እየቃሙ የዋጡት አምፒሲሊን ወደ ደም የገባው ከወትሮው በጣም ያነሰ ነበር። ቅሚያው ካበቃ 2 ሰዓት በኋላ የዋጡት ግን እንደ ወትሮው ገባ። አሞክሲሲሊን ያን ያህል አልተጎዳም። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብላችሁ እኔ ጋ ስትመጡ ጉንጫችሁን የማየው ለዚህ ነው።

---

የከዚራው_ሽማግሌ
ማክሰኞ፣ 1:30

አላህ ይስጥሽ ልጄ። እነግረዋለሁ። ዝም ያልኩት ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

---

ሌሊት_ባጃጅ
ማክሰኞ፣ 5:55

እኔ ሌሊት ነው የምሠራው። ልጆቹ ከጫቱ ጋር ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይወስዳሉ። «ወገብ አይሰማህም፣ ጨዋታ ይመጣል» ይላሉ። አንዱ ጓደኛችን ባለፈው ወር መንገድ ዳር ወድቆ አረፋ ደፈቀ። ሰዉ ክብሪት ጫረ፣ መንፈስ ነው አለ። እኔ ግን ኪኒኑ ይመስለኛል። ልክ ነኝ?

---

ከመስኮቱ_ኋላ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:20

ጓደኛህን ሳላየው ይሄ ነው ማለት አልችልም። ትራማዶል ግን እንደዚያ ያደርጋል። ሁለት ፊት ያለው መድኃኒት ነው። በአንድ በኩል የሞርፊን ዘመድ ነው፤ ሕመም ያፍናል፣ ትንፋሽንም ሊያፍን ይችላል። በሌላ በኩል ሴሮቶኒን የሚባለው ሌላ መልእክት አሻጋሪና ኖራድሬናሊን ወደ ጎተራ እንዳይመለሱ በሩን ይዘጋል። አንጎል ለመንቀጥቀጥ ያለበትን አጥር ዝቅ ያደርጋል። በዚያ ላይ ጫት፣ በዚያ ላይ እንቅልፍ ማጣት። አጥሩን በሦስት በኩል መግፋት ነው።

ለእኛ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። ትራማዶልን ወደ ጠንካራው ዓይነት የሚቀይረው ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህ ኢንዛይም ጂን ተባዝቶ እንዳላቸው አሳይቷል። አውሮፓ ውስጥ ይህ ቁጥር ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለ ጉበት ያለው ሰው ያንኑ አንዷን ኪኒን ውጦ ከሌላው የበለጠ ጠንካራ መድኃኒት ሰውነቱ ውስጥ ያመርታል። ኮዴይን የሚባለው ማስታገሻም እንዲሁ ነው፤ እሱ ወደ ሞርፊን ነው የሚቀየረው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ሁለቱም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ፣ የምታጠባ እናትም እንዳትወስዳቸው ያስጠነቀቀው በዚህ ምክንያት ነው። ማንኛችን ከ29ኙ እንደሆንን ግንባራችን ላይ አልተጻፈም።

ክብሪቱን ተዉት። የወደቀን ሰው በጎኑ አስተኙት፣ ራሱ ስር ጨርቅ አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ሐኪም ቤት አድርሱት። ምን እንደዋጠም ንገሩ። ሐኪሙ ፖሊስ አይደለም።

---

ከረሆቮት
ረቡዕ፣ 8:48

ከእስራኤል ነኝ። እዚህ «ጋት» ነው የሚባለው። ቅጠሉን የየመን አይሁዶች ይዘውት የመጡ ነው፤ የእኛም ሰዎች ያውቁታል፤ ለራስ መቃሙ አልተከለከለም። በ2004 አካባቢ ግን «ሀጊጋት» የምትባል እንክብል ኪዮስክ ላይ መሸጥ ጀመረች። ስሟ «ሀጊጋ» (ፌሽታ) እና «ጋት» ተጋጥመው ነው። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ያው ጋት ነው» ይባል ነበር። 200 ሚሊግራም ካቲኖን ነበረባት። ፋርማሲስቷ 100 ግራም ቅጠል ውስጥ 36 ነው ስትል ነው ያስታወስኩት። ስታሰሉት ከግማሽ ኪሎ በላይ ቅጠል በአንድ ጉርሻ መዋጥ ነው። ሰዎች ግፊታቸው ጣራ ነክቶ፣ ልባቸው ታሞ፣ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ሆስፒታል ገቡ። በዚያው ዓመት ታገደች።

አባቴ 40 ዓመት ቅሞ እንዲህ አልሆነም። ማኘኩ ራሱ ፍሬን ነበር ማለት ነው። መንጋጋ ይደክማል። እንክብል መንጋጋ የለውም።

---

ታላቅ_እህት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:33

ሁላችሁም በጨዋታ ነው የምትጽፉት። ጎተራ፣ ወንበር፣ አጥር። ይሄ ማስታወቂያ ነው የሚመስለኝ።

ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነበር። ሲጀምር ለፈተና ነበር። በሁለተኛው ዓመት መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈነው። ጎረቤቶቹ ስለ እሱ በግድግዳው ውስጥ እንደሚያወሩ ነገረኝ። ግድግዳው ላይ ጆሮዬን እንዳደርግ ለመነኝ። አደረግሁ። ምንም የለም። «አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ» አለኝ። የሄድንበት ሐኪም ቤት አንዱ ሠራተኛ «የጫት ነው፣ ይለቀዋል» ብሎ ያለ ምንም መልሶ ሸኘን። ሦስት ወር አለፈ። ጎተራው ምን ሆኖ ነው ያ? አስረዱኛ።

---

ተረኛ_ሐኪም
ረቡዕ፣ 5:12

እህቴ፣ ይቅርታ። ተናደሽ መጻፍሽ ተገቢ ነው።

ዶፓሚን «ይሄ ነገር ዋጋ አለው» ይላል ተባለ። ሲበዛ ሁሉም ነገር ትርጉም ያለው ይመስላል። በር ሲንኳኳ፣ ሰው ሲያስል፣ ጎረቤት ሲስቅ፣ ሁሉም ስለ እኔ ነው ይላል። አንጎል ደግሞ ለዚያ ትርጉም ታሪክ ይፈልጋል። ታሪኩ «ይከታተሉኛል» ይሆናል። ለወንድምሽ ድምፁ የእውነት ይሰማዋል፤ አስመስሎ አይደለም። ጆሮሽን ግድግዳው ላይ በማድረግሽ አትጸጸቺ።

ብዙ በሚቅሙ፣ በልጅነት በጀመሩ፣ ቤተሰብ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ይበረታል። ካቆሙ ብዙዎቹን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይለቃቸዋል። ሦስት ወር ግን «ይለቀዋል» ተብሎ የሚሸኝ አይደለም። የተኛ በሽታ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚሰጡት እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች የሚሠሩት እዚያው ቦታ ነው፤ የዶፓሚኑን መቀበያ ይሸፍናሉ። የአእምሮ ሐኪም ያለበት ቦታ ውሰጂው። ጫት እየቃመ የሚውጠው ከሆነ አንዱ በር ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል፤ ይህንንም ንገሪያቸው። የት ከተማ እንዳለሽ በውስጥ መልእክት ብትጽፊልኝ የት መሄድ እንደምትችይ እነግርሻለሁ።

---

ታላቅ_እህት
ረቡዕ፣ 5:40

ጽፌልሃለሁ።

---

ቴሲስ_ያልጨረሰው
ከ11 ቀን በኋላ፣ እሁድ፣ ከጠዋቱ 4:00

ሰላም ቤተሰብ። ክሩን ከታች እስከ ላይ ሦስቴ አነበብኩት። የታላቅ እህትን ካነበብኩ በኋላ ማክሰኞ የገዛሁትን ሳልፈታ ለዘበኛው ሰጠሁት። ማንም አልመከረኝም፤ ውላችን ይከበር።

11 ቀን ሆነኝ። ላሳውቃችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። በቀን 13 ሰዓት። ስነሳ እበላለሁ። እናቴ አራተኛ እንጀራ ስታወጣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በደስታ ይሁን በድንጋጤ አላውቅም። 8 ሰዓት ሲሆን ሐራራው ሰዓት ሳላይ ይመጣል። አፌ ራሱ ምራቅ ይሞላል። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ቢራም ጫትም የለም፤ በአራተኛው ቀን ዱካኩ በአንድ ሌሊት ሁለቴ መጣ። ያውም እንደ ፊልም በቀለም። ምነው? ጃኬቱን እኮ አንስቻለሁ።

---

ተረኛ_ሐኪም
እሁድ፣ 4:35

ዓመት ከመንፈቅ ያፈንከው ሬም ዕዳውን እየሰበሰበ ነው። አፋኙ ሲነሳ በዝቶና ፈጥኖ ይመጣል፤ ሕልሙ ይደምቃል፣ ቁልፉም ይበዛል። ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ይሄዳል። በጀርባህ አትተኛ፤ በጀርባ ሲሆን ዱካክ ይበዛል። የያዘህ ጊዜ ደረትህን አትታገለው። አንድ ጣት ወይ ምላስህን ለማንቀሳቀስ ሞክር። ደስታ ማጣቱና ድብርቱ ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀህ ግን ሐኪም ያይህ። ይሄ ምክር ነው፤ ውሉን አፍርሻለሁ።

---

ቴሲስ_ያልጨረሰው
እሁድ፣ 5:02

ተፈቅዶልሃል። ትናንት ደግሞ ምዕራፍ 3ን ከፍቼ አነበብኩት። ያቺ 14 ጊዜ ያስተካከልኳት አንቀጽ ትዝ ትላችኋለች? አሥራ አንድ መስመር ናት። ማሰሪያ አንቀጽ የላትም።

---

ጉልቻ_ሦስት
እሁድ፣ 5:04

ሃሃሃ። አማካሪህ አይተዋታል?

---

ቴሲስ_ያልጨረሰው
እሁድ፣ 5:06

አይተዋታል። ጎኗ ላይ «በርታ» ብለው ጽፈዋል።